የሚያከሳው መርፌና አሥራ ሁለቱ ዙር

ማክሰኞ፣ የካቲት 18/1989። ከቀኑ 11፡20

ቆሜ ነው የምጽፈው። ደብተሩ ቁም ሳጥኑ ላይ። መቀመጥ አልተቻለም፤ ቀኝ መቀመጫዬ እስከ ጉልበቴ ድረስ ደንዝዟል። አንደኛውን መርፌ ዛሬ ተወጋሁ። ዘጠኝ ይቀራል።

ይቅርታ ደብተር፣ ሳልተዋወቅህ ጀመርኩ። አንተ የአምናው የ7ኛ ክፍል ስም መጥሪያ ነህ። ግማሽህ ባዶ ስለቀረ ወደ ቤት አመጣሁህ። እኔ ተፈራ እባላለሁ። የስፖርት መምህር። ዕድሜ 47። ክብደት በጋሽ ኸይሩ የእህል ሚዛን 97 ኪሎ። ጋሽ ኸይሩ ጎረቤቴ ነው፣ እህል ነጋዴ። ጤፉን አውርዶ እኔን ጫነኝና ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየ። ከዚያ ጤፉን መልሶ ጫነ። ጨዋ ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ዳይሬክተሯ ወ/ሮ ሰብለ ጠርተው ደብዳቤ ሰጡኝ። የት/ቤቱ የስፖርት መምህራን ሁሉ የት/ቤቱን ሜዳ 12 ዙር ሳያቋርጡ ሮጠው ማሳየት አለባቸው። ያልቻለ ከመስከረም ጀምሮ ወደ ንብረት ክፍል ይዛወራል። ማለት መጋዘን። ቁልፍ፣ ጠመኔ፣ እግሩ የወለቀ ወንበር። ቀኑ ቅዳሜ ግንቦት 23። “መምህራን ሁሉ” ይበል እንጂ ሁለት ነን። አንዱ ሳሙኤል ነው፣ ዘንድሮ ከኮሌጅ የወጣ፣ 12 ዙር ሮጦ ግንባሩ የማያልበው። ሌላው እኔ ነኝ።

ትናንት ተማሪ ከወጣ በኋላ ሞከርኩ። አራት ዙር። ከዚያ የጎሉን ቋሚ አቅፌ ቆምኩ።

22 ዓመት ሜዳ ላይ ኖሬአለሁ። ሰፈሩ ሁሉ “ጋሽ ስፖርት” ነው የሚለኝ። መጋዘን ከገባሁ ምን ብለው እንደሚጠሩኝ አላውቅም። ለባለቤቴ ለየሺ አልነገርኳትም። አፈርኩ። ስለ መርፌውም አልነገርኳትም። በዚያም አፈርኩ። ወንድ ልጅ ለመክሳት መርፌ ይወጋል ብዬ ከየት ልጀምር።

ረቡዕ፣ የካቲት 19። ጠዋት 1፡00

ደንግጬ ነበር። ሽንቴ ቢጫ ሆነ። ተራ ቢጫ አይደለም፣ የአደይ አበባ ቢጫ። መጸዳጃ ቤት ቆሜ ኑዛዜዬን ሳስብ የክሊኒኩ ሲስተር ወይንሸት ትዝ አለችኝ። ነግራኝ ነበር። በጣቷ እየቆጠረች። ሽንት ይቀልማል፣ እንዳትደነግጥ። የተወጋው ቦታ ሁለት ቀን ያማል። ሆድ ሊረብሽ ይችላል። ሰውነት ካሳከከ፣ ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ሳትውል ሳታድር ና። ለውጥ ካለም ከአራት ሳምንት በፊት አትጠብቅ።

ክሊኒኩ መካኒሳ ነው፣ አዲስ የተከፈተ፣ ቀለሙ ገና የሚሸት። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ ውፍረት ለመቀነስ የሚረዳ መርፌ መጥቷል። ስሙ ሊፖትሮፒክ። ዶክተሩ ውጭ አገር የተማሩ ናቸው። ብዙ አስረዱኝ። ስለ ጉበት፣ ስለ ቫይታሚን፣ ስለ እራት፣ ስለ እግር ጉዞ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልሰማሁም። ሲስተር መርፌውን እየሞላች ስለነበር ዓይኔ እዚያ ነበር።

የሺ ከ12፡30 በፊት ትወጣለች። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ናት፣ ሸሚዝ ላይ ኮሌታ ትሰፋለች። ልጃችን አዋሳ ኮሌጅ ናት። ቤቱ ጠዋት ጠዋት የኔ ብቻ ነው። ለምስጢር ይመቻል።

እሑድ፣ የካቲት 23። ከቀኑ 10፡00

ቅበላ። ነገ ዓቢይ ጾም ይገባል። ጠዋት ዱለት። ምሳ ከየሺ ወንድም ቤት፣ ቁርጥ። ከዚያ ጥብስ። ከዚያ ለመሰነባበት ትንሽ ቁርጥ። ወንድሟ አምልጦህ እንዳይቀር እያለ ቢላውን አቀበለኝ። አላመለጠኝም።

አልተጸጸትኩም። ሳስበው ነገሩ ግልጽ ነው። መርፌው ስብ ያቀልጣል። የሚቀልጥ ስብ ማግኘት አለበት። ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ አግዤዋለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25። 11፡00

ሁለተኛው መርፌ፣ ግራ ጎን። አሁን በቀኝ በኩል መቀመጥ ይቻላል።

አንድ ችግር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው። መርፌ ጾም ያስገድፋል ወይ? የንስሐ አባቴን ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ አገኘኋቸውና ጠየቅኩ። መድኃኒት ምግብ አይደለም አሉ። የምን በሽታ እንደሆነ ጠየቁ። ውፍረት አልኳቸው። ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። ከዚያ ለዚህስ ጾሙ ራሱ አይበቃህም ወይ አሉኝ። ለማንም እንዳይናገሩ ለመንኳቸው። እንኳን የሌላ ሰው ያንተንም ረሳሁት ብለው ሄዱ። ደስ የሚሉ ሰው ናቸው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4። ጠዋት 1፡40

ዶክተሩ በእግር ሂድ ስላሉ (ይህችን ሰምቻለሁ) ንጋት 12 ሰዓት ላይ ወደ ላፍቶ እሄዳለሁ። ከሰፈር ከወጡ በኋላ ቤት ያልቃል። ማሳ ብቻ። ገለባ፣ ወንዝ፣ ባሕር ዛፍ። ጉም ከመሬት ብድግ ሲል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ በየቀኑ ያገኘኛል። አካም ቡልቴ ይለኛል፣ እንዴት አደርክ ማለቱ ነው። ነገያ፣ በሰላም፣ እለዋለሁ። ዛሬ አስቁሞ ጠየቀኝ። የጠፋ ከብት ነው የምትፈልገው? ስፖርት ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። አላመነም መሰለኝ፤ ቀይ ላም ካየ እንደሚነግረኝ ቃል ገባልኝ።

ከጉዞው መልስ ሜዳ ላይ አምስት ዙር። ትላንትም አምስት። መርፌው እየሠራ ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16። 10፡30

አምስተኛው። ሲስተር ወይንሸት እጇ ቀሎልኛል፣ ወይም ሥጋዬ ለምዷል። 92 ኪሎ። ሰባት ዙር።

ቀበቶዬ ቀዳዳ ጨረሰ። በምስማር አዲስ በሳሁ። ሱሪዬ ከኋላ ተጨማዶ ጆንያ መስሏል። ሳሙኤል አየና ጋሽ ተፌ፣ በጣም እየቀነሱ ነው አለኝ። ደግ ልጅ ነው፣ የሚያናድድ ደግ። ከኋላዬ ሊሮጥ ይመጣና ፍጥነቱን ሆን ብሎ ይቀንሳል። አውቄበታለሁ።

ሰው ሁሉ ያየኛል። የዕድሩ ጸሐፊ ምነው ከሳህ አለኝ። የወተት ቤቷ ሴትዮ ምነው ከሱ፣ አመመዎት እንዴ አለች። ጋሽ ኸይሩ ከሚዛኑ ሲያወርደኝ አላህ ያሽርህ አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት፤ እንዲያውም ከዚህ ጥሩ ሆኜ አላውቅም። አሁንም አላህ ያሽርህ አለ። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። 12 ዙር በሁለት ወር ውስጥ የማይደረስበት አይደለም።

እንደ እውነቱ፣ ሐኪምን ማመን ጥሩ ነው። ስንት ዘመን ሆዴን ተሸክሜ ዞርኩ፣ መርፌ ነበር የቀረኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 30። 11፡00

ሰባተኛው። 89 ኪሎ። ዘጠኝ ዙር፣ ደብተር፤ ዘጠኝ።

መድኃኒቱ ከውጭ ስለሚመጣ ክሊኒኩ ውስጥ ሊያልቅ ነው አሉ። ሲስተር የቀረህን ድርሻ አንተው ያዝ፣ ቀንህ ሲደርስ ይዘህ ና ብላ ሦስት ብልቃጥ ሰጠችኝ። ከፀሐይ አርቅ አለች። የቱታ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። የኔን ካልሲ ማንም በፈቃዱ አይነካም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13። ጠዋት

ሕማማት ገባ። ባለፈው ማክሰኞ ስምንተኛውን ተወግቻለሁ፣ ሁለት ብልቃጥ ቀርቷል። በዚህ ሳምንት ግን አልወጋም። ስግደቱ ይበቃል። ዓርብ አሥር ዙር ሮጫለሁ። ሳሙኤል ቆጠረልኝ፣ እኔም ቆጠርኩ፣ ተስማማን።

የሺ ዝም ብላለች። ቅዳሜ ለበዓል ብላ የቤቱን ጨርቅ በሙሉ አጠበች። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ የለም። ትናንት ሆሳዕና ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እጄን ያዘችኝ፣ በመንገድ ላይ። በ21 ዓመት ትዳር በመንገድ እጄን ይዛ አታውቅም። ቤት ገብተን ሸሚዜን ስቀይር ትከሻዬን በመዳፏ ዳሰሰችው። አጥንትህ ወጣ አለች። አዎ አልኩ፣ በኩራት።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20። ከቀኑ 5፡00

እንኳን አደረሰህ ደብተር። መተንፈስ አልችልም።

ትናንት ፋሲካ። የሺ ከዶሮው አሥራ ሁለት ብልት ውስጥ ስንቱን ለኔ እንዳደረገችው አልናገርም። ፈረሰኛው፣ ሁለቱም ቅልጥም፣ እንቁላሉ ሦስት። እሷ አንገቱን ቆርጥማ ተነሳች። በቃኝ ስል ዓይኗ እንባ ሞላ። እንባ ካየሁ በኋላ እንዴት በቃኝ እላለሁ። በላሁ። የበሬ ቅርጫችንም መጣ። የኔ ድርሻ ጉበቱ ነው አለች፣ ደም ይተካል ብላ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24። 1፡30

ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ቀስቅሳኝ የአብሽ ውሃ በማር። ከዚያ ቅንጬ በቅቤ። ዛሬ በፔርሙዝ የአጥንት መረቅ ት/ቤት ድረስ በሰው ላከች። ሳሙኤል አሽትቶ እድለኛ ነዎት አለ። ትናንት ደግሞ ከየት እንዳመጣችው የማላውቀው ጠበል በጀሪካን፤ ጠጣ፣ ታጠብበት። ምንም አትጠይቅ አለችኝ።

አሰብኩበት። አንድ ነገር ብቻ ነው ሊሆን የሚችለው። ወደደችኝ። ማለቴ እንደ አዲስ። የቀጠንኩት አስታወሳት፣ ስንጋባ 68 ኪሎ ነበርኩ። ሌላ ምን ይሆናል? ከፋብሪካ ስትመለስ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ሳስል ትነሳለች። መስታወት ፊት ቆሜ ፀጉሬን ወደ ኋላ አበጠርኩ። 47 ዓመት ብዙ አይደለም።

ችግሩ ፍቅሩ ያወፍራል። በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕም ዓርብም ጾም የለም። ዛሬ ሜዳ ላይ ሰባት ዙር። ሰባት። ስምንተኛው ላይ መረቁ ወደ ላይ መጣ። ጋሽ ኸይሩ ግን ሚዛኑን አይቶ ተደሰተ። 92። አልሐምዱሊላህ፣ እየዳንክ ነው አለኝ። ከምን እንደዳንኩ አልገባኝም።

ወር አይሞላም የቀረኝ። መርፌዬን ማክሰኞ መቀጠል አለብኝ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28። 9፡30

ካልሲው ውስጥ አንድ ብልቃጥ። ሁለት ነበር። ቦርሳውን ገለበጥኩ፣ አልጋ ሥር ገባሁ። የለም። ካልሲው ደግሞ ታጥቧል። ሳሙና ይሸታል።

ክሊኒክ አልሄድኩም። የሺ አግኝታው ይሆን? አግኝታው ከሆነ ለምን ዝም አለች? የሺ ዝም የምትል ሴት አይደለችም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30። ከቀኑ 12፡00

በቅደም ተከተል ልሞክር።

የሺ ዛሬ አስፈቅዳ ከፋብሪካ በ9 ሰዓት መጣች። እኔ ገና መግባቴ ነው። ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ከጡቷ መሀረብ አወጣች፣ ፈታችው፣ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቀስ ብላ፣ እንዳይሰበር። ከዚያ ተናገረች። ያለችውን እዚህ ማስፈር አለብኝ።

ለበዓል ስታጥብ ነው ያገኘችው። አንዱን ይዛ ወደ መድኃኒት ቤት ሄደች። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ጽሑፉን አንብባ ቫይታሚን ነው አለቻት። ለማን ነው የሚሰጠው? አቅም ላጣ፣ የምግብ ፍላጎት ለጠፋበት፣ ለከሳ ሰው። የሺ ይህን መርፌ ታውቀዋለች። ማን የማያውቀው አለ? ሰፈራችን ውስጥ ከስቶ የተነሳ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ተወግቶ ነው የወፈረው። እና ባሏ ከስቷል። ጨለማ ሳይለቅ ብቻውን ወጥቶ ይሄዳል። መርፌ ይደብቃል። በዚህ ዘመን ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሲገኝ ምን እንደሚባል ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ስሙን ግን ማንም አይጠራም። እሷም አልጠራችውም።

“ያ ነገር ከሆነ ንገረኝ” አለች። “አልሄድም። አሥራ ዘጠኝ ቀን አስቤበታለሁ። አንተ ካለህ እኔም አለኝ፤ አብረን እንሆናለን። እህቴ እንኳ አልሰማችም። ብቻ አትዋሸኝ።”

ደብተር፣ መጀመሪያ ያደረግኩትን ብነግርህ ታፍርብኛለህ። ሳቅኩ። ከድንጋጤ ነው። መሀረቡን ወረወረችብኝ። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ፤ መርፌው ለመክሳት ነው አልኩ። አላመነችኝም። እንዴት ታምን። ደህና ሰው ከኪሱ ከፍሎ ይከሳል? ደግሞ በሚያወፍር መርፌ? ውሸት ካማረህ የሚታመን ውሸት ፈልግ አለችኝ። ስለዚህ አንተን አምጥቼ ከመሃልህ የዳይሬክተሯን ደብዳቤ አወጣሁላት።

አነበበችው። ሁለት ጊዜ። ያኔ ነው በደንብ ያለቀሰችው። ሦስት ወር ሙሉ መጋዘኑን ብቻህን ተሸክመህ ዞርክ አለች። እኔ ምንህ ነኝ አለች። ፍቅር ነው ብዬ ፀጉሬን ያበጠርኩትን አልነገርኳት፤ አንድ ቀን እነግራታለሁ። ፍቅር ግን ነበር። እኔ ካሰብኩት የሚበልጥ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሞቴን ይዛ ኮሌታ ስትሰፋ ውላ፣ መጥታ ቅንጬ ሠራችልኝ። አፈርኩም፣ ደስም አለኝ፣ አለቀስኩም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2። 8፡00

ሁለታችንም ክሊኒክ። የሺ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ብልቃጦቹን በመሀረብ ይዛ።

ዶክተሩ ወረቀት ላይ ጉበት ሣሉ። ጉበት አይመስልም፣ የሺ ግን ገባት። ውስጡ ቫይታሚን አለ፣ ጉበት ስብ እንዲያንቀሳቅስ ያግዛሉ የሚባሉ ነገሮች አሉ። አያወፍርም። ብቻውንም አያከሳም። እንዲያውም ምን ያህል እንደሚያግዝ እሳቸውም በእርግጠኝነት አይናገሩም። አንዳንድ ሰው ጉልበት ተሰማኝ ይላል፣ አንዳንዱ ምንም። ያከሳኝ ግማሽ ቀን መጾሜ፣ ቅቤና ሥጋ መተዌ፣ ላፍቶ ድረስ መሄዴ ነው። ይህንን መጀመሪያ ቀን ነግሬዋለሁ አሉ። የሺ ወደኔ ዞረች። ሲስተር ወይንሸት ካርዴን አወጣች፣ እዚያ በእጇ ተጽፏል፦ ምግብ እንዲቀንስ፣ በእግር እንዲሄድ፣ መርፌው አጋዥ ብቻ እንደሆነ ተነግሮታል። ከሥሩ የኔ ፊርማ።

የንስሐ አባቴ በጾሙ መጀመሪያ ሳምንት በነፃ የነገሩኝን ነው።

የሺ ለልቧ ማረፊያ የደም ምርመራ ይደረግ አለች። ዶክተሩ ጥሩ ነው አሉ፣ ሁለታችሁም ስጡ። ሰጠን። የቀሩትን ሁለት መርፌዎችስ አልኩ። ብትወጋቸው የሚጎዳህ ነገር አላየሁም፣ ዙሩን ግን አይሮጡልህም አሉ። ለጠየቀ ሰው እንዲሰጡ ክሊኒኩ ውስጥ ትቻቸው ወጣሁ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ የሺ በድንገት ሳቋ መጣ። ማቆም አልቻለችም። ረዳቱ ምን ሆኑ እናቴ አላት። እሷም መለሰች፣ ባሌ ለመክሳት ከፍሎ እኔ በነፃ አወፈርኩት። ታክሲው ሙሉ ሳቀብኝ። ይሁን።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12። ጠዋት 12፡50

ውጤት መጣ። ሁለታችንም ነፃ። የሺ ወረቀቱን ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስገባችው። ትናንት ለጋሽ ኸይሩ ራሷ ሄዳ ነገረችው፤ የታመመ ሰው የለም፣ ሚዛንህን አስተካክለህ ጠብቀን አለችው። ከዛሬ ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። መደበቁ ይቅር።

አሁን አብረን ነው የምንሄደው። ከፋብሪካ በፊት 11፡30 ላይ ወጥተን እስከ ወንዙ። የኔን አሮጌ ሸራ ጫማ ጨርቅ ወትፋበት አጠለቀችው። እየሄደች ታወራለች፣ እኔ ትንፋሽ እቆጥባለሁ። ሽማግሌው ገበሬ አይቶን ቆመ። ላሟን ከሚስትህ ጋር መፈለግ ጀመርክ? አለኝ። አዎ አልኩት። ማስረዳት ተውኩ።

ማዕዱ ተቀንሷል። ጾም ስለሌለ ቅቤው በየቤቱ ይሸታል፣ ይፈትናል። የሺ እንደ ኮሌታ ለክታ ነው የምታቀርብልኝ። 90 ኪሎ። ዘጠኝ ዙር።

ዓርብ፣ ግንቦት 22። 10፡00

89። ከፍተኛው አሥር ዙር ተኩል። አሥራ ሁለት ሮጬ አላውቅም፣ ደብተር። አንድም ቀን። ነገ ነው።

ለየሺ እንደማልችል ነገርኳት። ዘንድሮ ያወጣሁት አዲስ ፀባይ ነው፣ መናገር። መጋዘን ከገባህ ገባህ አለች፣ ጠዋት ግን መሄድ አንተውም። ቱታዬን እየተኮሰች ነው። ለሩጫ ቱታ ይተኮሳል ወይ ብል ዝም በል አለችኝ። ፈርቻለሁ፣ ደስ ብሎኛልም። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሆኑ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23። ከቀኑ 6፡40

እግሬ ሳፋ ውስጥ ነው። ሙቅ ውሃ በጨው።

ወ/ሮ ሰብለ ወንበር አስወጥተው ከሰንደቁ ሥር ተቀመጡ። የ8ኛ ክፍል ልጆች ሣሩ ላይ፣ የሺ ከመሃላቸው። ሳሙኤል ቀድሞ ሮጠ። ጨረሰ፣ አላለበውም። ከዚያ ፊሽካና ወረቀት ይዞ መስመሩ ላይ ቆመ፣ የኔን ሊቆጥር።

እስከ ስድስት ደህና። ሰባተኛው ላይ ጉልበቴ ጀመረኝ። ዘጠነኛው ላይ ጎኔን ያዝኩ። አሥረኛው ላይ ልጆቹ መጮህ አቆሙ። ቀጣዩን ጨርሼ መስመሩ ጋ ስደርስ ሳሙኤል እጁን አነሳና ፊሽካውን ነፋ። አሥራ ሁለት አለ። ልጆቹ ዘለው ተነሱ። ዳይሬክተሯ እስክሪብቶ አወጡ። የሺ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።

አሥራ አንድ ነበር።

22 ዓመት ሙሉ የሰው ዙር ስቆጥር የኖርኩ ነኝ፣ የራሴ አይጠፋኝም። ሳሙኤልም አልጠፋውም፤ ወረቀቱን እንጂ እኔን አላየም። ለኔ ብሎ ነው። እኔ መጋዘን ብገባ ሜዳው በሙሉ የሱ በሆነ ነበር፣ ግን ለኔ ብሎ አደረገው። ዝም ብል ሁሉ ነገር እዚያው ያልቃል። ዝም ማለት ምን እንደሚያመጣ ግን ዘንድሮ አይቻለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን የሰው ልብ በላሁበት።

አንድ ይቀራል ልል ሞከርኩ፣ ድምፅ የለም። ጣቴን አሳየሁ። ዞርኩ።

ግማሹን ሮጥኩ። ግማሹን በእርምጃ። ደብዳቤው ሳያቋርጡ ሮጠው ነው የሚለው፣ ስለዚህ በሕጉ ወድቄአለሁ። ስደርስ ወ/ሮ ሰብለ ምን ብለው እንዲጽፉ ጠየቁኝ። ያዩትን አልኳቸው። ጻፉ፦ 12 ዙር፣ የመጨረሻው ግማሽ በእርምጃ። ፈረሙ፣ አጠፉት፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወደ ሳሙኤል ዞሩ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ የለም።

“አንተ መቁጠር አትችልም” አሉት። “ለመጋዘኑ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። አንተ መቁጠር እስክትማር ድረስ እዚሁ ሜዳ ላይ ከመምህር ተፈራ ጋር ነው የምትሠራው።”

ሳሙኤል አንገቱን ደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እየሳቀ ነው። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ የተተኮሰ ቱታዬን ለብሼ። የሺ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ሰኞ ሥራ አለኝ፦ 2፡00 ሰዓት፣ 5ኛ ክፍል፣ ሜዳ።